ቀዩን ኮከብ ምስክር የቆጠርኩበት ዕለት

የዚያን ዕለት ጠዋት የሠራሁትን ሞኝነት አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ጎረቤቴን ከሰስኩ፤ ምስክር አድርጌ የቆጠርኩት ደግሞ ኮከብ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው፣ በንጹሕ ወረቀት ላይ፣ «ከጥቅምት ወር ጀምሮ ከጎረቤቴ የከሰል ክምር የሚወጣው ጭስ በስተምሥራቅ የሚታይ አንድ ቀይ ኮከብ ከብርሃኑ ከግማሽ በላይ እንዲያጣ ማድረጉን ከዚህ ጋር ባቀረብኩት ደብተር አረጋግጣለሁ» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለቀበሌ ሰጠሁ። ማኅተም ስለሌለኝ እንጂ ማኅተምም አደርግበት ነበር።

ማመልከቻውን የተቀበለኝ ሊቀመንበር የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ሁለት ጊዜ የጣልኩት። አነበበው። መልሶ አነበበው። ከዚያ እንደ ድሮው ጥያቄ ሊመልስ እንደተነሣ ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መምህር፣ ይሄ ኮከብ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም።»

«እንግዲያ ተጎጂው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሻይ አጠጥቶ ወደ ቤቴ ይሸኘኝ ነበር። እሱ ግን እስካሁን የሚፈራኝ ይመስለኛል። የከሰል ክምር ከመኖሪያ ቤት መራቅ አለበት የሚል መመሪያ ፈልጎ አገኘና ደብዳቤ ጻፈ፦ የአቶ ይስማው ክምር ዛሬውኑ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ተከፍቶ በውኃ ይጥፋ። ክምሩን ከማስከፈቱ በፊት ግን በዐሥር ሰዓት ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሄዶ ቦታውን እንደሚያይ ነገረኝ። እኔም እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያፏጨሁት ዜማ እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ለዚህም አፍራለሁ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ትውልዴ ዳንግላ ነው። ለአንድ ዓመት ብዬ ቆሰበር መጣሁና በዚያው ቀረሁ። ቆሰበር ነው የምላት፤ እንጅባራ የሚለውን ስም ለደብዳቤ አድራሻ አስቀምጬዋለሁ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አገውኛ የምችለው ሰላምታና ስድብ ብቻ ነው፤ ስድቡን ያስተማረኝ ራሱ ይስማው ነው። ጡረታ ስወጣ ጫግኒ ገበያ ላይ ካገኘሁት ነጋዴ አንድ ዐይኑ የጠፋ የሩቅ ማያ መነጽር ገዛሁ፤ ማታ ማታ ግቢዬ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሰማይ ሳይ አመሻለሁ። ባለቤቴ ጥሩሰው «ሌላው ጡረተኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ የኔው በቁሙ ሰማይ ቤት ገብቷል» ትለኛለች።

ከሁሉ የምወደው ቀዩን ነው። ጥር ላይ ከመሸ በኋላ ወደ ምሥራቅ ብትዞሩ ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር ቆመው ታያላችሁ። መጽሐፍ ቅዱስ ኦሪዮን የሚለው ነው። ከሦስቱ በስተቀኝ አንድ ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ደማቅ ኮከብ አለ፤ በስተግራ ደግሞ ቀዩ። ፈረንጆቹ ቢትልጁስ ይሉታል። ቀዩ አንድ ጠባይ አለው፤ ብርሃኑ ይለዋወጣል። አንዳንድ ወር ይደምቃል፣ አንዳንድ ወር ይደክማል። እኔም በየማታው ካጠገቡ ካሉት ኮከቦች ጋር እያስተያየሁ በተማሪ ደብተር እጽፋለሁ። «ዛሬ ከበላዩ ካለው ይደምቃል፤ ከነጩ ያንሳል።» ይኸው ነው ሥራዬ። ደመወዝ የለውም፤ አለቃም የለውም።

ይስማው ደግሞ ከግቢዬ በስተምሥራቅ፣ ከአጥሬ ወዲያ ያለው ማሳ ባለቤት ነው። ለከሰል የሚሆነውን ዛፍ፣ ዲከረንስ፣ ተክሎ አምስት ዓመት ጠበቀ፤ በዚያ ዓመት፣ በ2012፣ መስከረም ሲጠባ መቁረጥ ጀመረ። የከሰል አሠራር ለማታውቁ እንዲህ ነው፦ ግንዱ ተቆርጦ እንደ ጎጆ ይከመራል፣ ቅጠል ይለብሳል፣ በቅጠሉ ላይ አፈር ይለብሳል፣ ባንድ በኩል ይለኮሳል። ከዚያ እንጨቱ ታፍኖ መክሰል አለበት እንጂ መንደድ የለበትም። በጎኑ ትንንሽ መተንፈሻ ይቀርለታል። አንዱ ጎን ከተናደ አየር ይገባል፤ አየር ከገባ የአምስት ዓመት ዛፍ ባንድ ሌሊት አመድ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሳምንት ሙሉ ከክምሩ አይለይም። ይበላል እዚያው፣ ይተኛል እዚያው።

ጭሱም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ወደ እኔ ቤት ይነፍሳል። ጥሩሰው ከጥቅምት ጀምሮ ትስላለች። እኔ ከጥቅምት ጀምሮ ቀዩ ሲደበዝዝ አያለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ነበር። የገና በዓል ሲደርስ በግልጽ ቀነሰ። ከጥምቀት በኋላ፣ ሁልጊዜ ይበልጠው ከነበረው ከበላዩ ኮከብ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። በዕድሜዬ እንዲህ ደብዝዞ አላየሁትም። አንድ ነገር ሊወቀስ ይገባ ነበር። ይስማው ደግሞ ካጠገቤ ነበር።

በዐሥር ሰዓት ሄድን። ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን በኪሱ ይዟል። ሽማግሌው አያ ውበቴ ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው፣ ድንች ሊተክሉ ሲሉ የተጠሩ፣ ለዚህም ሁላችንንም የተቀየሙ። እኔ ደብተሬን ታቅፌ፣ መነጽሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከኋላ እከተላለሁ። ክምሩ አራተኛ ቀኑ ነበር። ነጭ ወፍራም ጭስ ከአናቱ ይወጣል። ይስማው በጥላሸት ጠቁሮ፣ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። ሲያየኝ ለሌሎቹ ብቻ ሰላምታ ሰጠ።

ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን አነበበለት። ይስማው እስከ መጨረሻው ሰማ።

«አራተኛ ቀኑ ነው» አለ። «ዛሬ ከተከፈተ ከሰልም አይሆን እንጨትም አይሆን። እንደሱ ከምትሉኝ ቤቴን አቃጥሉት።»

«አትቆጣ፤ ነገሩን እንስማ» አሉ አያ ውበቴ።

«አያ፣ ምኑን ነው የሚሰሙት? በሬዬ በክረምት ሞተብኝ። ይህን ክምር ሸጬ በሬ ካልተካሁ ዘንድሮ ማረስ የለም። በአንድ በሬ የሚታረስ መሬት ካለ መምህር ያሳየኝ። እሳቸው ሁሉን ነገር በሩቅ ያያሉ።» ወደ እኔ ዞረ። «ለምን እንደከሰሱኝ በአፍዎ ይንገሩኝ፣ መምህር። ከወረቀት ሳይሆን ካፍዎ ልስማው።»

ነገርኩት። ኮከቤን ጭስህ ሸፍኖብኛል አልኩ። ሦስት ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገረው፣ ወረቀት ላይ ከነበረው ይልቅ አነሰብኝ። ይስማው አልሣቀም። ቢሥቅ ይሻለኝ ነበር።

«ስንት ኮከብ አለ ሰማይ ላይ?»

«ብዙ።»

«ጭሴ አንዱን መርጦ ነው የሚሸፍነው?»

አያ ውበቴ ቀና ብለው አዩኝ። ተማሪዎቼ ዐይኔ ውስጥ እንዲህ ሲያዩ መልስ የሌለው መምህር ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ይቆጣል። እኔም ተቆጣሁ። «ሳይንስ ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ከባድ ነው» አልኩ።

«እሺ፤ ስለማውቀው ልጠይቅ» አለ። «ታኅሣሥ ሲገባ የፊተኛውን ክምር አወጣሁ። ሌላ ቆርጬ እስክከምር ዐሥር ቀን ያህል እዚህ ጭስ አልነበረም። ልብስዎን አጥበው ያሰጡት ያኔ ነው፤ አይቻለሁ። ደብተርዎ ስለዚያ ዐሥር ቀን ምን ይላል?»

ደብተሩን ገለጥኩ። ገጹን አገኘሁት። የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው። ታኅሣሥ ሦስት፣ ታኅሣሥ አራት፣ ታኅሣሥ ስድስት። እያንዳንዱ መስመር ላይ «ጭስ የለም» ይላል፤ ከጎኑም «ቀዩ አሁንም እየቀነሰ ነው» ይላል። ይህን እኔ ራሴ ጽፌ፣ ከዚያ ረስቼ፣ ከዚያ ከስሻለሁ። ሦስቱ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው። ጭሱ ዐይኔን ያቃጥለኛል።

«ደመና ነበር» አልኩ። «አልመዘገብኩም።» ደብተሩንም ዘጋሁት።

ስለ ኮከቡ መሳሳቴ ሞኝነት ነው። ይሄኛው ግን ውሸት ነው፤ በሽማግሌ ፊት የተነገረ። ታኅሣሥ ላይ በቆሰበር ሰማይ ደመና መኖሩን ልጅ እንኳ አያምንም። ይስማው ከዚያች ደቂቃ በኋላ «እርስዎ» ማለቱን ተወ።

«እንግዲያ ምስክርህ ይምጣ» አለ።

«ምን?»

«ምስክር አለኝ ብለህ ከሰሃል። ከሳሽ ምስክሩን ያቀርባል። እንጠብቀው። መጥቶ በጭስ መሸፈኑን ካየን እኔ ራሴ ክምሩን እከፍተዋለሁ። አካፋው ይኸው።»

ሊቀመንበሩ ደብዳቤው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደሚል አጉረመረመ። አያ ውበቴ ግን ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። «ድንቼ እንደሆነ ዛሬ አልተተከለ» አሉ። «ምስክሩን እንጠብቃለን።»

ፀሐይ እስክትጠልቅ ያለው ሰዓት በሕይወቴ ከተቀመጥኳቸው ፈተናዎች ሁሉ ይረዝማል። ይስማው ክምሩን እየዞረ ያያል፤ አንዱን መተንፈሻ ይደፍናል፣ ሌላውን ይከፍታል፣ በአገውኛ ያነጋግረዋል። ለእኔ ጀርባውን ሰጥቶኛል። አያ ውበቴ ዝምታው ሲከብዳቸው፣ «ይሄ ኮከብ ምን ዓይነት ነገር ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

መምህር ነኝና ጀመርኩ። ምንም ያህል ብዋረድ ጥያቄ ከሰማሁ አፌ አያርፍም። «አያ፣ ፀሐይን ከቦታዋ አንስተን እሱን ብናስቀምጥ፣ እኛ የቆምንበት መሬት ሆዱ ውስጥ ነው። ከኛ ማዶ ያለችው ማርስም ሆዱ ውስጥ ናት።»

«ምን ይበላል?» አሉ።

«ራሱን። ያረጀ ኮከብ ነው። ሲያረጅ እንዲህ ይነፋል። ታዲያ ገላው ስስ ነው፤ አብዛኛው አካሉ እኛ ከምንተነፍሰው አየር በብዙ ይሳሳል። እየቆየ ያብጣል፣ መልሶ ይሟሽሻል። ብርሃኑ የሚለዋወጠውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። መጨረሻውም ፍንዳታ ነው።»

ይስማው ጀርባውን እንደሰጠ፣ «ያረጀ፣ የተነፋ፣ ውስጡ ባዶ፣ መፈንዳት የሚወድ» አለ። «አያ፣ ይሄ ሰውዬ ስለ ማን ነው የሚነግርዎ?»

ሊቀመንበሩ ሣቁን በሳል ሸፈነ። አያ ውበቴ እየሣቁ ከንፈራቸውን ጠረጉ። እኔ ለመበቀል ብዬ፣ «እሳቱ ግን ካንተ እሳት ይበልጣል» አልኩ።

«ቀይ ነው ብለሃል።»

«አዎ።»

«ቀይ ከሆነ ደካማ እሳት ነው።» አሁን ዞረ። በእንጨት ጫፍ አንዱን መተንፈሻ ከፈት አደረገልኝ። «እይ። ቀዩ እዚህ ጠርዝ ላይ ያለው ነው። መሐሉ ነጣ ይላል፤ እጅህን ብታስገባ የሚፈጅህ ያ ነው። ነጩ ኮከብህ ነው የሚፋጀው። ቀዩ ትልቅ ስለሆነ ነው የሚያስፈራራው።»

ልክ ነበር። ቀዩ ከፀሐይም ይቀዘቅዛል፤ ብርሃኑ የበዛው በግዝፈቱ ነው። ይህን ነጥብ ለማስረዳት ክፍል ውስጥ ስንት ጠመኔ ፈጅቻለሁ። «እንደዚያ ነገር ነው» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ። ልክ ነህ ማለት አልቻልኩም። አሁን ስጽፈው እንኳ እጄ እምቢ ይላል።

ፀሐይ ጠለቀች። ቀጭን ጨረቃ በምዕራብ ታየች። ነጩ መጀመሪያ ወጣ። ከዚያ በመስመር የቆሙት ሦስቱ። ከዚያ፣ በጭሱ ጀርባ፣ ቀዩ፤ ደብዛዛ፣ የሚያሳዝን። ደስታዬ ለአፍታ ተመለሰ። «ይኸው» አልኩ።

ይስማው ቀና ብሎ አላየም። «ጭሱ ወዴት ነው የሚነፍሰው?»

«ወደ ምዕራብ» አሉ አያ ውበቴ።

«እንግዲያ ወደዚያ ጉብታ እንውጣ። እዚያ ጭሱ ከኋላችን ነው።»

እምቢ ልል ነበር። ጉልበቴን አሞኛል ማለት አስቤ ነበር። ጉልበቴ በእውነት ያመኛል፤ ግን በዚያ ቀን ከአንድ ውሸት በላይ መያዝ አቃተኝ። ወጣን። ይስማው ከመውጣቱ በፊት ክምሩን ዞሮ አየ፣ አፈሩን በመዳፉ ነካ ነካ አደረገ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰና እንደገና ነካው። በአራት ቀን ውስጥ ከክምሩ ሲለይ የመጀመሪያው ነበር። ይህን ያስገደድኩት እኔ ነኝ።

ከጉብታው ላይ ሰማዩ እንደታጠበ ብርጭቆ ነበር። በእኛና በምሥራቅ መካከል ትንሽ ጭስ እንኳ የለም። ነጩ ያበራል። የሌሎቹም ኮከቦች ብርሃን ከነሙሉነቱ ነው። ቀዩ ግን ያው ነው። እዚያ ከግቢዬ እንዳየሁት፣ ከበላዩ ካለው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም።

አያ ውበቴ መነጽሬን ከአንገቴ ወስደው፣ በደኅናው ዐይኑ በኩል አዩ። ቆዩ።

«ቀዩ ታሟል» አሉ። «ግን ይስማው አላሳመመውም።»

ይስማው ሊመልስ አፉን ሲከፍት ከታች «ዱብ» የሚል ድምፅ መጣ። ዞርን። ከክምሩ ጎን፣ አፈሩ ተንዶ፣ ቀይ መስመር ተከፍቷል። ወዲያው መስመሩ ነበልባል ሆነ።

ይስማው ቁልቁል ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ በጨለማ ቁልቁለት እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ ምናልባት አልሮጥኩም፣ ተንከባለልኩ ነው የሚባለው። ስደርስ ይስማው በባዶ እጁ አፈር እየዛቀ ይደፍናል፤ አካፋው ወድቆ ከአጠገቤ ነበር። አነሣሁት።

«አፈር» ይላል። «ከሥር አምጣ። ቅጠሉን አትንካ፤ አፈር።»

አፈር ጣልኩ። ሙቀቱ ፊቴን ገፈተረኝ። ሊቀመንበሩ እርጥብ ቅጠል ይጎትታል። አያ ውበቴ ቆመው «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ይላሉ። አንድ ደረቅ የአፈር ጓል ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ እምቢ አለኝ። አካፋውን ከሥሩ አስገብቼ በሙሉ ክብደቴ ተንጠላጠልኩበት። እጀታው «ቀጭ» ብሎ ከሁለት ተሰበረ። መላ የሌለው መምህር ማለት ይህ ነው፤ የመፈንቅል ሕግ ለስንት ትውልድ አስተምሬ እኔው እጀታ ሰበርኩ። ካፖርቴን አወለቅኩና አፈር በእሱ መሸከም ጀመርኩ።

ስንት ሰዓት እንደፈጀ አላውቅም። በመጨረሻ ቀዳዳው እንደ ሳህን ጠበበ። በውስጡ ፍሙ ይታያል፤ ሰፊ፣ ቀይ፣ የሚተነፍስ የሚመስል። ይስማው ባንድ እፍኝ እርጥብ አፈር ሲመታው ፍሙ ውስጥ የሆነ ነገር ፈነዳና ጥቁር የጭስ ድብልብል ተፋ። ፍሙ ደበዘዘ። የጠፋ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ጭሱ ሲበተን ግን ያው ፍም፣ ያው ቅላት፣ እዚያው ነበር።

ፍሙን አየሁት። ይስማውም ሳየው አየኝ። ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ወደ ላይ ቀና አለ።

«ያም እንዲሁ አስነጥሶ ይሆናል» አለ። «የእኔን ጭስ ከምትቆጥር የራሱን ብትጠይቀው ምን ነበረበት?»

«ኮከብ አያጨስም» አልኩት።

ከሠራሁት ሁሉ በኋላ፣ ካፖርቴ አመድ ሆኖ፣ እጄ ተቃጥሎ፣ እንዲህ አልኩት። የመምህር አፍ ከሰውየው በፊት አይሞትም።

ቀዳዳው ተደፈነ። የክምሩ አንድ ማዕዘን ግን አመድ ሆኖ ተቀምጧል፤ ከአራት አንዱ ይሆናል። ይስማው አመዱን በእግሩ ገፋ አደረገው። «ደብዳቤህ ኪስህ ውስጥ ነው?» አለው ሊቀመንበሩን። «የምትከፍቱት ከሆነ አሁኑኑ ክፈቱት። ይህ ሰውዬ ግማሹን ሠርቶላችኋል።» ድምፁ አልተነሣም። ቢጮህብኝ እመልስለት ነበር።

ሊቀመንበሩ ወደ አያ ውበቴ አየ። አያ ውበቴ ወደ እኔ አዩ። ደብተሩ በሸሚዜ ውስጥ ነበር፤ ካፖርቴን ሳወልቅ እንኳ እሱን አድኛለሁ። አወጣሁት።

«ደመና አልነበረም» አልኩ።

ሊቀመንበሩ የስልኩን መብራት አበራልኝ። አነበብኩ። «ታኅሣሥ ሦስት። ይስማው ከሰሉን አውጥቷል፤ ጭስ የለም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ቀዩ ካለፈው ሳምንት ደብዝዟል። ታኅሣሥ አራት። ጭስ የለም። ያው ነው። ታኅሣሥ ስድስት። ጭስ የለም። ቀዩ አሁንም እየቀነሰ ነው።» እስከ ዐሥረኛው ቀን ድረስ አነበብኩት። ማንም አላቋረጠኝም። ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ኖሮኝ አያውቅም።

አያ ውበቴ ተመልሰው ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡ። «ብዙ ዘመን ሽማግሌ ሆኛለሁ» አሉ። «ከሳሽ በራሱ ላይ ሲመሰክር ዛሬ አየሁ። ከመዋሸትህ በፊት ብታነበው ኖሮ ይህ ማዕዘን ከሰል ነበር።» ለሊቀመንበሩ «ቅደደው» አሉት። ደብዳቤው ተቀደደ። እኔና ይስማውን ግን ተጨባበጡ አላሉንም። የሽምግልና ሥራ የሚያውቅ ሰው የማይሆነውን አይጠይቅም።

ቤት ስገባ ጥሩሰው እጄን በውኃ እያቀዘቀዘች ሁሉንም ሰማች። ሰምታ ስትጨርስ ሳለች። ከዚያ፣ «እኔ ከጥቅምት ጀምሮ ስስል አንድ መስመር አልጻፍክም» አለች። «ለኮከብ ግን ማመልከቻ ጻፍክ።» በማግስቱ ሳትነግረኝ ወደ ይስማው ሄዳ፣ ጭሱ እንደበረታባት ነገረችው። የሚቀጥለውን ክምር ከጉብታው ማዶ አደረገው። አንድ ጊዜ መናገር ነበር ሥራው። እኔ ደብተር ሙሉ ጻፍኩ፣ ቀበሌ አንቀሳቀስኩ፣ ሽማግሌ ከድንች ማሳ አስጠራሁ፤ እሷ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች።

ኮከቡ ሚያዝያ ላይ ወደ ቀድሞ ድምቀቱ ተመለሰ። ከወራት በኋላ ስልኬ ላይ፣ ኔትወርክ በፈቀደበት ምሽት፣ ዓለም ሁሉ እንደ እኔ ሲያየው እንደከረመ አነበብኩ። ታላላቅ መነጽር ያላቸው ሰዎች የደረሱበት ነገር ይህ ነው፦ ኮከቡ ከገላው ብዙ ጋዝ ተፋ፤ የተፋው ርቆ ሲቀዘቅዝ አቧራ ሆነ፤ አቧራውም በእኛና በእሱ መካከል ሆኖ ፊቱን ሸፈነው። አስነጥሶ ነበር። በራሱ ጭስ ነው የተሸፈነው። ያን ዕለት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግራችሁም።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ከዚህ ውስጥ ምን እንደምትወስዱ አላውቅም። እኔ የወሰድኩት ትንሽ ነገር ነው። አሁን አንድ ነገር ሲደበዝዝብኝ፣ ሰውም ይሁን ነገር፣ ጎረቤት ከማየቴ በፊት «ሌሎቹስ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሌሎቹ ደምቀው እሱ ብቻ ከደበዘዘ፣ ምክንያቱ ምናልባት ከራሱ ነው። አንዳንዴ ያ የደበዘዘው ነገር እኔ ነኝ። ይህን ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ፤ ሥራ ላይ ያዋለው ግን የከሰል ሰው ነው። የበሬው ነገር እስካሁን ያሳፍረኛል። ከተረፈው ከሰል በሬውን ገዛ፤ ከሚፈልገው ያነሰ፣ አንድ ቀንዱ የጎደለ። ባየሁት ቁጥር ያን የአመድ ማዕዘን አያለሁ።

ግን ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። በማግስቱ ማለዳ፣ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ይስማው አመዱን ሲዝቅ አገኘሁት፤ በተሰበረ አካፋ፣ ጎንበስ ብሎ።

«ድንጋዩን አውርደው፤ ወድቆ እግሬን ይሰብርብኛል» አለ።

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ አልልህም። ዛሬ አልልህም።»

«እጀታውን ግን እተካለሁ። ጥሩ የወይራ እጀታ...»

«አትተካም» አለ። «ከተካህልኝ ነገ ደግሞ ትከሰኛለህ። ባለዕዳዬ ሆነህ ብትኖር ይሻላል፤ አፍህ ይያዛል።» ትንሽ አሰበ። «ኮከቡ መቼ ነው የሚፈነዳው ያልከው?»

«አይታወቅም። ነገም ሊሆን ይችላል። መቶ ሺህ ዓመትም ሊቆይ ይችላል።»

«እንግዲያ የፈነዳ ዕለት አምጣልኝ።»

እጀታውን ወዲያውኑ አስጠርቤዋለሁ። ወይራ ነው፤ ጥሩሰው ቅቤ ቀብታዋለች። ከበሩ ጀርባ ቆሟል። ጥር በመጣ ቁጥር ከመሸ በኋላ ወጥቼ ወደ ምሥራቅ አያለሁ። ቀዩ እዚያው አለ፤ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፣ አልፈነዳም። ይስማው በአጥሩ ማዶ ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ «አለ?» ይለኛል። «አለ» እለዋለሁ። እሱም ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እኔም እጀታዬን ይዤ እቀራለሁ።